ከቱሊፑ አጠገብ የነበረው የአፕል ካርቶን

የመጀመሪያ ቀን ሥራ የገባሁት በሸራ ጫማ ነው። ከምኖርበት ከካፒቶል ሂል ሰፈር በኮልፋክስ ጎዳና አውቶቡስ ተሳፍሬ ኦሮራ ከተማ የሚገኘው የቀጠረኝ ድርጅት ግቢ ስደርስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት አልሞላም ነበር። ሣሩ አመዳይ ለብሷል። አንድ ጢማቸው የሸበተ ሰው ጫማዬን አዩና ምንም ሳይሉ ከፒክአፑ ኋላ ጥንድ የጎማ ቦት አወጡ።

"ለእግርሽ ይሰፋል። ካልሲ ደርቢበት" አሉኝ።

ጋሽ ሰይድን ያወቅኋቸው እንዲህ ነው።

ድርጅቱ የመሥሪያ ቤቶችን ግቢ የሚንከባከብ ትንሽ ድርጅት ነበር። ባለቤቱ ዌይን የሚባል፣ ቁመተ ረጅም፣ ችኩል አሜሪካዊ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ክሩ ሊደሩ አለ፤ ሥራ የሚያከፋፍል፣ የመኪናና የመጋዘን ቁልፍ የሚይዝ። ይህ የጋሽ ሰይድ ማዕረግ ነው። ከእሳቸው ሥር እኔና ኤፍሬም ነበርን። ኤፍሬም መዝሙር እያንጎራጎረ የሚቆፍር፣ መዝሙሩን ሲያቆም ደግሞ ሰው በነገር የሚነካካ ጴንጤ ነው። ማመልከቻዬ ላይ "የዕፅዋት ሳይንስ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ" ብዬ የጻፍኩትን ቢሮ ውስጥ አይቶት ኖሮ፣ ሰዓት ሳይሞላ ስም አወጣልኝ።

"ፕሮፌሰር! እስቲ ይቺን ጉድጓድ መርምሪያትና ውጤቱን ንገሪን።"

ፊቴ ጋለ። አጎንብሼ መቆፈሬን ቀጠልኩ።

"ተዋት" አሉት ጋሽ ሰይድ። "ልጅቷ ዝም ትላለች፣ አንተ ትለፈልፋለህ። ጉድጓድ የቆፈረው ማን እንደሆነ ማታ እንቆጥራለን።"

ማታ ሲቆጠር እኔ ከኤፍሬም በአርባ አንሼ ነበር። ጋሽ ሰይድ ግን ቁጥሩን ለዌይን አልነገሩትም።

ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ቱሊፕ የሚተከለው በዘር አይደለም። ሽንኩርት የሚመስል፣ ቡናማ ልጣጭ ያለው ሥር አለው፤ እኛ ባልብ እንለዋለን። የሚተከለው በመኸር፣ መሬቱ በረዶ ሆኖ ከመጠንከሩ በፊት ነው፤ የሚያብበው የበረዶው ክረምት ካለፈ በኋላ ነው። ጉድጓዱ አንድ ስንዝር ይጠልቃል። የኦሮራ አፈር ሸክላ ስለሆነ በእጅ አይበገርም፤ ኦገር በሚባል ጠምዛዛ መሰርሰሪያ እንበሳዋለን። ባልቡ ሹል ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። አፈሩ ይመለሳል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ሽኮኮ እንዳይቆፍረው የዶሮ ቤት ወንፊት ሽቦ ይነጠፍበታል። በጉልበቴ ተንበርክኬ ስሠራ መጀመሪያ የሚደነዝዘኝ ጣቴ ነበር፤ ቀጥሎ ጉልበቴ።

አንድ ነገር ግን ከእሳቸው ሳይሆን ከትምህርት ቤት የማውቀው ነበር። የቱሊፕ አበባ ከመተከሉ በፊት ባልቡ ውስጥ ተሠርቶ ያለቀ ነው። ባልቡን ለሁለት ቢሰነጥቁት መሐሉ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል አበባ ተጣጥፋ ትታያለች። ያቺ ካልሞተች ቱሊፑ ያብባል። ከሞተች ቅጠል ብቻ ይወጣል። ከውጭ አይቶ የሚለያት ሰው የለም።

ምሳ የምንበላው ፒክአፑ ውስጥ፣ ማሞቂያው ተከፍቶ ነበር። ኤፍሬም ከበላ በኋላ ይተኛል። ጋሽ ሰይድ ያን ጊዜ ከመቀመጫቸው ሥር አንድ ቡናማ ፖስታ ያወጣሉ። የኢሚግሬሽን ፎርሞች ናቸው። ባለቤታቸውና ሀያት የምትባል ልጃቸው አዲስ አበባ ናቸው፤ ሰባት ዓመት አልተያዩም። እንግሊዝኛው ስለሚከብዳቸው ፎርሙን የምሞላው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ የሀያትን የልደት ቀን አውቀዋለሁ። በሚመጣው ኦገስት ሃያ አንድ ዓመት ይሞላታል።

"ጠበቃው ምን አለ መሰለሽ" አሉኝ አንድ ቀን። "ሃያ አንድ ከሞላች ከእናቷ ፋይል ትወጣለች። ለብቻዋ እንደገና ተራ ልትይዝ ነው። ያ ደግሞ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አላህ ነው የሚያውቀው።"

"ቀጠሯቸው መቼ ነው፣ ጋሼ?"

"በጁን ይሆናል ብሎኛል። እኔ ሥራ ላይ መሆኔን የሚገልጽ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ቀጠሮው ሲቃረብ የተጻፈ መሆን አለበት። ዌይን እሰጥሃለሁ ብሏል።" ፖስታውን በሁለት እጃቸው አጠፉት። "እስከ ጁን እዚህ ሥራ ላይ ከቆየሁ፣ በቃ፣ አለቀ።"

የዚያ መኸር ትልቁ ሥራችን ኦሮራ ውስጥ አዲስ የተሠራ የቢሮ ሕንፃ ነበር። ከበሩ ግራና ቀኝ ሦስት ሺህ ቀይ ቱሊፕ፣ ከመኪና ማቆሚያው ዳር ደግሞ ዳፎዲል የሚባል፣ እሱም ከባልብ የሚበቅል ቢጫ አበባ። የሕንፃው ኃላፊ ሊንዳ የምትባል ሴት ነበረች። አፈሩን ለማየት መጥታ ዌይንን ስታነጋግረው አጠገባቸው ነበርኩ። በስፕሪንግ፣ በረዶው ሲያልፍ፣ ተከራዮች እንደሚገቡና አበባው ያን ጊዜ መድረስ እንዳለበት ነገረችው። ዌይን ሥራው የሦስት ዓመት ኮንትራት ሊያስገኝለት እንደሚችል ለእኛ ደጋግሞ ነግሮናል።

የቱሊፑ ሳጥኖች ቀድመው መጡና መጋዘኑ ኋላ ባለችው ቀዝቃዛ ክፍል ተደረደሩ። መሬቱ እስኪዘጋጅ ሦስት ሳምንት እዚያ ቆዩ።

በዚያው ሳምንት ጋሽ ሰይድ ሁለት ካርቶን አፕል ይዘው መጡ። ሞንትቤሎ በሚባለው ሰፈራቸው ያለ ጎረቤት ከግቢው ዛፍ ለቅሞ የሰጣቸው ነው። "የሁላችሁም ነው፣ ብሉ" አሉና፣ እንዳይበላሽ ብለው ቀዝቃዛዋ ክፍል ውስጥ፣ ከቱሊፑ ሳጥኖች አጠገብ አስቀመጡት። በሩን ዘጉት።

የበሰለ ፍራፍሬ የማይታይ ጋዝ ያወጣል። ጥሬ ሙዝ ከበሰለ ሙዝ ጋር ሲታፈን ቶሎ የሚበስለው በዚህ ምክንያት ነው። ይኸው ጋዝ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ባልቡ መሐል ያለችውን አበባ ይገድላታል። ይህን ተፈትኜበታለሁ። የጥያቄውን ቁጥር ሳይቀር አስታውሰዋለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ልነግራቸው ሄድኩ። ጋሽ ሰይድ ቀዝቃዛዋ ክፍል በር ላይ ቆመው ዝርዝር ያያሉ። ዌይን ከኋላቸው ስልክ ያወራል።

"ጋሼ" አልኩ።

"አቤት ልጄ።"

"አፕሉ..."

"ውይ! አልደረሰሽም እንዴ?" ጎንበስ ብለው ከሁሉም ትልቁን መረጡ፣ በሹራባቸው ጠረጉና ሰጡኝ። "ብዪ። ከስተሻል።"

በሁለት እጄ ተቀበልኩ። አባቴን የሚያህሉትን ሰው፣ በአለቃቸው ፊት፣ በለመዱት ሥራ ተሳስተዋል ማለት አቃተኝ። አፕሉን እዚያው ቆሜ በላሁት። ጣፋጭ ነበር።

ሦስት ቀን አሰብኩበት። በአራተኛው ቀን ማንም ሳያይ ካርቶኖቹን ተሸክሜ አውጥቼ ከመጋዘኑ በር ውጭ አስቀመጥኳቸውና ወደ አውቶቡሴ ሄድኩ። መናገር ሳያስፈልገኝ ነገሩን የፈታሁት መሰለኝ።

ጠዋት ስመጣ ካርቶኖቹ ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል።

"ማነው አፕሉን ውጭ የጣለው?" ጋሽ ሰይድ ኤፍሬም ላይ አፈጠጡ። "የውጭው ውርጭ ሊያበላሸው! የሰው ስጦታ እንዲህ ይደረጋል?"

"እኔን ለምን ያዩኛል? እኔ አፕል ከዚህ የማወጣው በሆዴ ይዤ ነው።"

"ታዲያ ፕሮፌሰሯ ናት?"

ሁለቱም ሳቁ፤ የሳቁት እኔ ልሆን እንደማልችል እርግጠኛ ስለነበሩ ነው። እኔም ፈገግ አልኩ። ጓንቴን አጠለቅኩና ኦገሩን ወደ መኪናው ወሰድኩ።

ሦስት ሺሁን ቱሊፕ በስድስት ቀን ተከልን። አንድ ስንዝር፣ ጫፉ ወደ ላይ፣ ሽቦው ከላይ። ሥራው እንከን አልነበረውም። ዳፎዲሉ የመጣው በመጨረሻው ቀን ስለሆነ ከጭነት መኪናው በቀጥታ ወደ መሬት ገባ። እየተከልኩ ሳለ አንድ ቱሊፕ በቢላ ሰንጥቄ ላየው ብዬ ነበር፤ አላደረግኩትም። ባየው መናገር ሊኖርብኝ ነው። ምናልባት ክፍሏ አየር ታስገባ ይሆናል፣ ምናልባት ሦስት ሳምንት አይበቃ ይሆናል እያልኩ ክረምቱን አሳለፍኩት።

በኤፕሪል ዳፎዲሉ መኪና ማቆሚያውን ቢጫ አደረገው። ቱሊፑ ለምለም ቅጠል አወጣ። ሰፊ፣ ጤነኛ ቅጠል። ሜይ ገባ፣ ቅጠሉ ብቻ እንደቆመ ነው። ተከራዮቹ በአረንጓዴ ቅጠል መሐል እያለፉ ገቡ።

ሊንዳ ደወለች። ዌይን ሦስታችንንም ሕንፃው በር ላይ ሰበሰበን። ኮንትራቱ ለሌላ ድርጅት መሰጠቱን ነገረን። ቅጠሉን በእግሩ እየገፋ፣ የሸጡልኝ ባልብ የተበላሸ ነበር፣ እከሳቸዋለሁ አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"አንቺ የተማርሽ ነሽ። ለሻጮቹ ደብዳቤ ጻፊልኝ። ባልቡ ሲመጣ ጀምሮ የሞተ እንደነበር በሳይንስ አስረጂ።"

ጋሽ ሰይድ አንገታቸውን ነቅነቅ አደረጉልኝ፤ ጻፊለት ማለታቸው ነው።

ያንን ደብዳቤ ልጽፈው አልቻልኩም። ሐሰት ነው። በስሜ፣ በተማርኩት ትምህርት የሚጻፍ ሐሰት ነው። በቢላዬ አንዱን ቱሊፕ ቆፍሬ አወጣሁና ግንዱን ሰነጠቅኩት። መሐሉ ላይ የደረቀች፣ የሽንኩርት ልጣጭ የመሰለች አበባ ነበረች። ለዌይን አሳየሁትና በቀስታ፣ በደንብ በተመረጡ ቃላት፣ ባልቡ ሲመጣ ጤነኛ እንደነበር፣ አበባዋን የገደላት መጋዘን ውስጥ ከፍራፍሬ የወጣ ጋዝ እንደሆነ አስረዳሁት። በሕይወቴ አለቃ ፊት ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም።

"የምን ፍራፍሬ?" አለ ዌይን።

ያን ጊዜ ነው ምን እንዳደረግኩ የገባኝ። ኤፍሬም መሬት መሬት ያያል።

"አፕሉን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ" አሉ ጋሽ ሰይድ በእንግሊዝኛ። ኮፍያቸውን አውልቀዋል። "አላወቅሁም ነበር፣ ዌይን።"

ዌይን አልጮኸም። እጁን ዘረጋ። ጋሽ ሰይድ የመኪናውንና የመጋዘኑን ቁልፍ ከቀበቷቸው ፈትተው እጁ ላይ አኖሩለት፤ ከሥራ መባረራቸው ነበር። ለጁን ቀጠሮ የሚያስፈልገውን የሥራ ደብዳቤ ማንም አላነሳም። እሳቸውም አልለመኑም።

አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ተከተልኳቸው። ቡናማውን ፖስታ በብብታቸው ይዘዋል። ወንበሩ ላይ ተቀመጡና አጠገባቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉልኝ። ተቀመጥኩ።

"ያኔ በመኸር ታውቂ ነበር?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ካርቶኑን ያወጣሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

አንድ አውቶቡስ መጥቶ ቆመ። የእሳቸው አልነበረም።

"ታዲያ ምነው ልጄ፣ ዝም አልሽኝ?"

"አፍሬ ነው። እርስዎን ማረም..."

"የልጄን ፎርም የምሰጠው ላንቺ ነበር እኮ" አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። "ስሟን፣ ቀኗን፣ ሁሉንም በእጅሽ አስይዤሽ፣ አንድ ካርቶን አፕል አንሳ ብትዪኝ አላነሳም ነበር?"

አውቶቡሳቸው ሲመጣ "በርቺ" ብለውኝ ተሳፈሩ።

አየር ማረፊያው ዊልቸር የመግፋት ሥራ አገኙ። አዲሱ አሠሪ ሦስት ወር ሳይሞላ ደብዳቤ አልጽፍም አላቸው። የጁኑ ቀጠሮ ወደ ሴፕቴምበር ተዛወረ። ኦገስት በመሐል አለፈ፤ ሀያት ሃያ አንድ ሞላት። ባለቤታቸው መጡ፣ ሀያት ቀረች።

በሚቀጥለው ዓመት አንድ ዘመዴን ልቀበል አየር ማረፊያው ሄጄ አገኘኋቸው። አንዲት አሮጊት በዊልቸር እየገፉ ነበር። ቆሙና አቅፈው ሳሙኝ። ስለ ሀያት ጠየቅኋቸው።

"አክስቷ ጋ ናት። ተራ እየጠበቀች ነው" አሉ። "ሥራ እንዴት ነው? አሁንም ትተክላላችሁ?"

"እንተክላለን።"

"ቦቱ ጠበበሽ ወይስ አሁንም ይሰፋል?"

"ይሰፋል፣ ጋሼ።"

ዊልቸሩን መግፋት ቀጠሉ።

እኔ አሁን ክሩ ሊደር ነኝ። ቁልፉ የሚንጠለጠለው በእኔ ቀበቶ ነው። በየመኸሩ አዲስ ሠራተኛ ሲገባ በመጀመሪያው ቀን ቀዝቃዛዋን ክፍል ከፍቼ ሁለት ነገር እነግረዋለሁ። ቱሊፕ ባለበት ክፍል ፍራፍሬ አይቀመጥም። ስህተት ያየ ሰው፣ የተሳሳተው ማንም ይሁን፣ እኔም ብሆን፣ በዚያው ቀን በአፉ ይናገር። ካርቶን አውጥቶ መሄድ መናገር አይደለም።