ምንም የማያሰማው ማዳመጫ

አብረውኝ የሚያስተምሩት ጋሽ ይሄይስ፣ “እናትህን ትንሽ አሟቸዋል፤ ድሬዳዋ ሄደህ ጠይቃቸው” ብለው የአውሮፕላን ትኬት ቆረጡልኝ። ጩኸቱን እንደምፈራ ስነግራቸው ደብረ ማርቆስ ገበያው አጠገብ ካለ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ይዘውኝ ገቡ። ትንንሾቹን ማዳመጫዎች “አይረቡም” እያሉ መለሱና ትልቁን ራሳቸው ጆሮዬ ላይ ደፉልኝ።

ባለሱቋ፣ “አሁን ቢሰድቡትም አይሰማም” ብላ ሳቀች።

ጋሽ ይሄይስ አልሳቁም። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ “እናቱ ትናንት አርፈዋል። ቤቱ ሳይገባ አውሮፕላን ላይ የሚያረዳው ሰው እንዳይኖር ብዬ ነው” አሏት።

ማዳመጫው ለካ የረባ አልነበረም፤ አንድም ቃል አላስቀረብኝም።

ዞር ብለው፣ የማዳመጫውን አንድ ጎን ገለጥ አደረጉና፣ “ይሰማል እንዴ ልጄ?” አሉኝ።

“ኧረ ምንም!” አልኳቸው። “ይሄን እንውሰደው።”