ለሐኪሟ ያልነገርናት የዘሃራ ሕመም

አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ ፍራሽ መስፋት ነበር። እኔ ጥጡን ስጠቀጥቅ ባለቤቴ ጀማል ጨርቁን ይዞልኛል። መሀል ላይ ግራ እግሩን ዘርግቶ ባቱን ያሸው ጀመር።

«ከሚኤሶ መኪና ላይ ተኮራምቼ ስለመጣሁ ነው፤ ያልፋል» አለ።

በማግስቱ ባቱ አበጠ። ቆዳው ይግላል። ወጌሻ ጠራንና በቅቤ አሸው። እንዲህ ያበጠ እግር እንደማይታሽ አላወቅንም።

ሆስፒታል የእግሩ ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቷል ተባለ። የደም ናሙናው አዲስ አበባ ተልኮ አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድሮም የሚል ስም ይዞ ተመለሰ። ሐኪሟ ሰውነት በራሱ ላይ ሲነሳ ደም ያለቦታው እንደሚረጋ አስረዳችን። ከዚያ ጠየቀች፦ «ከቤተሰብ ደም የረጋበት፣ ወይም ፅንስ እየደጋገመ የወረደባት አለች?»

ጀማል «የለም» አለ። እኔም ዝም አልኩ። እህቱ ዘሃራ የትውልድ ቀያቸው ቦኬ ውስጥ ሦስት ፅንስ ወርዶባት፣ በኋላም እግሯ አብጦ መሞቷን ሁለታችንም እናውቃለን። ያኔ «የሰው ዓይን ነው» ተብሎ ታልፏል። እኛ ዘንድ የዘር በሽታ አለበት የተባለ ቤት ሽማግሌ አይላክበትም። ልጃችን ሐያት ደግሞ ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች።

ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ክኒን፣ ዋርፋሪን፣ ጀመረ። የእግሩ እብጠት ጎደለ፤ ደሙን በየጊዜው እያስለካ፣ ክኒኑንም ሰዓት ሳያዛንፍ መግሪብ ሰግዶ እየዋጠ ወደ ጫት ንግዱ ተመለሰ፤ ጓደኞቹም «ሙአዚኑ ቢረሳ ጀማል አለልን» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ከወራት በኋላ ድኛለሁ ብሎ ክኒኑን ተወ። አልነገረኝም። አንድ ጠዋት ትንፋሽ አጠረው። ደረቱን ያዘ። ሆስፒታል ሳንደርስ ሞተ።

የባሌን ሐዘን የምቀመጥበትን ጊዜ፣ ኢዳዬን፣ እንደጨረስኩ ሐያትን ይዤ ሐኪሟ ዘንድ ሄድኩ። ስለ ዘሃራ ነገርኳት። አልተቆጣችኝም፤ ለዚህ አላህ ይስጣት።

«ከአባት ወደ ልጅ በቀጥታ የሚወርድ በሽታ አይደለም» አለችኝ። «ብዙ ጊዜ ከአንድ ቤት አንድ ሰው ብቻ ይታመማል። አንዳንድ ቤት ግን ይደጋገማል። የዘሃራም ይኸው ይሁን አይሁን አሁን ማወቅ አንችልም።»

ሐያት ስትመረመር በደሟ ውስጥ የዚህ በሽታ ምልክት የሆነው ፀረ እንግዳ አካል ተገኘ። ይህ ብቻውን በሽታ አይደለም፤ ምርመራው ከአሥራ ሁለት ሳምንት በኋላ መደገም አለበት። ስድስት ሳምንት ቀርቷል። በተቀመጠች ቁጥር እግሯን አያለሁ።

«ኡሚ፣ ፊትም አለኝ እኮ» ትለኛለች።

ባለፈው ሳምንት ሐያትን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች መጡ። ሳይጠይቁኝ ሁሉንም ነገርኳቸው። «ተመካክረን እንመለሳለን» አሉ። እስካሁን አልተመለሱም።

እንደኛ የሆናችሁ፣ ድንገት ያበጠ እግር አታሳሹ። መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ቃል አታቋርጡ። ሴት ልጅ ካለቻችሁ ከማርገዟ በፊት፣ የእርግዝና መከላከያም ከመጀመሯ በፊት የቤተሰቡን ሕመም ለሐኪም ንገሩ፤ በዓይን ሞተ የተባለውንም ጭምር።

እኔ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ቦኬ እሄዳለሁ። የጀማልን ዘመዶች ቤት ለቤት እየዞርኩ ዘሃራ እንዴት እንደሞተች እነግራቸዋለሁ።