የድኩላዋ ኪንታሮትና የሦስት ሰዓት ቀጠሮ

በደርግ ዘመን፣ ናይሮቢ ውስጥ፣ ሥራዬ ኪንታሮት ነበር። የአገሬ ሰዎች ምግብ ቤት ተቀምጬ ይህን በተናገርኩ ቁጥር አንዱ አፉን በእጁ ሸፍኖ «የላይኛው ነው የታችኛው?» ይለኛል። የላምና የድኩላ ነው፤ ቆዳቸው ላይ የሚወጣው። ከአገር እንዴት እንደወጣሁ ግን የጠየቀኝ የለም፤ እዚህም አልጽፈውም።

የላብራቶሪው አለቃ ያገሬ ሰው፣ ውጭ የተማረ ዶክተር ነበር። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ እሱ ብለው ይበቃዋል። ሥራችን የላሟን የኪንታሮት ቫይረስ ከድኩላዋ ጋር ማስተያየት ነው፤ ዘመድ ይሁኑ ባዳ። የቫይረሱ ዘረመል በአራት ፊደላት ብቻ የሚጻፍ፣ ርዝመቱ ስምንት ሺህ ፊደል ገደማ የሆነ ክብ ነው። የላሟን ውጭ አገር ቀድመው አንብበውታል፤ የድኩላዋን እኛ አነበብን። ዶክተሩ ሁለቱን በረጃጅም ወረቀት አስጽፎ፣ ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሬ ጎን ለጎን እንዳስተያይ አዘዘኝ። ሳምንታት ሙሉ በእርሳስ ሄድኩበት። አይገጥሙም።

«ባዳ ናቸው፤ እንዲያ ብዬ እጽፈዋለሁ» አለ። «ጥናቱ ላይ ስምሽን አስገባለሁ። ስምሽ ከገባ ቋሚ ያደርጉሻል። ለማንኛውም ነገ አብረን እንየው፤ ሦስት ሰዓት ላይ ነይ።»

ኮንትራቴ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር፤ እሱ ካለቀ የመኖሪያ ፈቃዴም ያልቃል።

በማግስቱ ቅዳሜ፣ ረፋዱ ላይ በሦስት ሰዓት ደረስኩ። ዶክተሩ የለም። ዘበኛው ሰዓቱን አየና «ሳ ታቱ፣ ማማ፤ አላረፈድሽም» አለኝ፤ ሦስት ሰዓት ነው ማለቱ ነው። የስዋሂሊ ሰዓትም እንደኛው ከንጋት ይቆጠራል። የእኔ ሰው ግን በአማርኛ እያወራ የፈረንጅ ሰዓት ነበር የነገረኝ፤ በእኛ ዘጠኝ መሆኑ ነው።

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየሁ ተቀመጥኩ። ክቡ አንድ ነው፤ እሱ ከአንዱ ቦታ ይጀምራል፣ እኔ ከሌላው።

ተነሥቼ መቀስና ማጣበቂያ ፈለግኩ።

ቫይረሱን ለማንበብ እኛ አንድ ቦታ፣ እነሱ ሌላ ቦታ ቆርጠውታል። ክብ መሆኑን ዶክተሩ ከእኔ በላይ ያውቃል፤ ወረቀት ላይ ሲዘረጋ ረሳው። የድኩላዋን ወረቀት ጫፍና ጫፍ አጣብቄ ወለሉ ላይ ከላሟ ጎን ጥቂት በጥቂት አዞርኩት። ጉልበቴ እስኪላጥ ድረስ። ከሲሶው አለፍ ሲል ገጠመ። ሁሉም ፊደል አይደለም፤ የእህትማማቾች መልክም ሁሉ አንድ አይደለም። የላሟ መጀመሪያ የገጠመበት ላይ ቆረጥኩት።

በዘጠኝ ሰዓት ዶክተሩ መጣ። «ዛሬም በአገርሽ ሰዓት ነው የምትኖሪው?» ብሎ ሳቀ።

«አዎ፣ ዶክተር። ድኩላዋም እንደኔው ናት» አልኩና ወረቀቱን አሳየሁት።

ጎንበስ ብሎ የገጠመበትን በጣቱ ተከተለ። ከዚያ «ይኼን እኔም ጠርጥሬው ነበር» አለ።

ዘመድ ናቸው የሚለው የጥናት ጽሑፍ ወጣ። ስሜ የለበትም፤ መጨረሻው ላይ «የላብራቶሪ ረዳታችንን እናመሰግናለን» ይላል። ብጠይቀው «ስምሽ እኮ ለፈረንጅ ይረዝማል» አለኝ። ኮንትራቴ አለቀ፣ ፈቃዴም አብሮት ሄደ። ዌስትላንድስ ሰፈር ውስጥ ባንዲት ያገሬ ሴት ምግብ ቤት፣ በጓሮ በር እየገባሁ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ።

ጽሑፉ ዛሬም አለኝ። ስሜን ማስቀረት ችሏል። የድኩላዋን ቫይረስ ግን እሱም፣ ከእሱ በኋላ የመጡትም፣ እኔ በመቀስ ከቆረጥኩበት ፊደል ነው አንድ ብለው የሚቆጥሩት።