ለይታይሽ ሙት ዓመት የሚሆን ጠጅ

ቅዳሜ፣ ንጋት 12 ሰዓት፤ ደብረ ማርቆስ

ፈረንጆች ቅዳሜና እሁድ የወይን ጠጅ ለመቅመስ ከመንደር መንደር እንደሚዞሩ አንብቤያለሁ። ማንበብን ማንም አላስተማረኝም፤ በራሴ ነው የለመድኩት። ዛሬ እኔም የጠጅ ጉዞ ወጣሁ። የባለቤቴ የይታይሽ ሙት ዓመት አንድ ወር ቀርቶታል፤ እሷ ትጥለው የነበረውን የመሰለ ጠጅ ሳላቀርብ እንዲያልፍ አልሻም። ሙያውን የምታውቀው ሮብ ገበያ በምትባለው ከተማ ያለችው ታናሽ እህቷ ጥሩሰው ብቻ ናት። እሷ ደግሞ ጠጅ መጣል ትታለች አሉ። አምስት ኪሎ ነጭ ማር አቅፌ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

1 ሰዓት ተኩል፤ ዳገቱ ላይ

የጤፉ ማሳ አልቆ የገብስና የድንች ተተካ። ብርዱ ጋቢ ያስደርባል። ማር በመምረጥ ከእኔ ወዲያ ላሳር እንደሆነ፣ የቤታችን ጠጅ በሦስት አጥቢያ የተመሰገነው በማሬ እንደነበር ለሾፌሩ አጫወትኩት።

“አባባ፣ የጣሉትስ እርስዎ ነበሩ?” አለኝ፤ መኪናው ሙሉ ሳቀ።

3 ሰዓት፤ ሮብ ገበያ

ጥሩሰው ትኩስ ድንች ከአዋዜ ጋር አቀረበችልኝ። የመጣሁበትን ስነግራት ወገቧን እንደሚያማት፣ ጋኖቿንም ለሰው እንደሰጠች ነገረችኝ። ማሩን ከፊቷ አስቀመጥኩ። ከፍታ አየችና ፈገግ አለች።

“ጋሼ፣ ዛሬም ነጩን ነው የሚገዙት?”

“ምርጡ እሱ ነዋ።”

“ለመብላት ነው እንጂ። ጠጅ የሚጣለው ከነሰፈፉ ባለው ጥቁር ማር ነው። እታለም ይታይሽ የእርስዎን ማር ለልጆቹ እያበላች፣ የጠጁን ከእኔ ነበር የምትወስድ።”

ልጆቼ ከንፈራቸው እያብለጨለጨ በማር ዳቦ ሲበሉ ታየኝ። ከጠጁ የተረፈ ነው ትለኝ ነበር።

“ለምን ደበቀችኝ?”

“ስለ ማርዎ ለእንግዳ ሲያወሩ ማየት ደስ ይላታላ። እንዳልነግርዎም አስምላኝ ነበር።”

የነጩን ማር ክዳን መልሼ ገጠምኩ። ከዚያ፣ “እንግዲያው ማሩን አንቺ ምረጪ” አልኳት። በዕድሜዬ ለማንም ብዬው አላውቅም። ጥሩሰው ነጠላዋን አጣፋች፤ ከጎረቤት ጋን ልትዋስ ወጣች።

እሁድ፣ 10 ሰዓት፤ ደብረ ማርቆስ

ትናንት ጥሩሰው የመረጠችው ማር ሰፈፍና የሞተ ንብ የሞላበት፣ እኔ ብሆን ዞር ብዬ የማላየው ነበር። ጠጁ ተጥሏል። ማር መምረጥ እንደማላውቅ ይኸው በእጄ ጻፍኩ። ያኔ ከአባቷ ግቢ ከነበሩት ልጃገረዶች ሁሉ ይታይሽን የመረጥኩት ግን እኔው ራሴ ነኝ።