ለሁለት የከፈልኩት ሽቦ

ዛሬ አሶሳ ላይ የውሃ ታንከራችን ጢም ብሎ ሞልቶ ሜዳው ላይ ሲፈስ፣ የውሃውን ልክ የሚያሳዩት ሁለቱም ማሳያዎች፣ የፓምፕ ቤቱም የቢሮውም፣ «ግማሽም አልደረሰ» ይሉ ነበር።

ጥፋቱ የኔ ነው። ከታንከሩ ሴንሰር የሚመጣው፣ በመጠኑ የውሃውን ልክ የሚናገረው ከረንት ለፓምፕ ቤቱም ለቢሮውም እንዲደርስ ብዬ ሽቦውን እንደ ባላ ለሁለት ከፈልኩት። ከረንቱም ተካፈለና ለሁለቱም ግማሽ ግማሹ ደረሰ።

ይህን ያህል ዓመት ሠርቼ! መሳቅ ይቻላል።

ጥበቃችን ጋሽ ይመር ግን አልሳቁም። በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው።

«እኛም የምንጩን ቧንቧ እንዲሁ ከፍለነው ነበር፤ ግማሹ ለእኛ ለሰፋሪዎቹ፣ ግማሹ ለነባሮቹ ለበርታዎቹ መንደር። በጋ ሲገባ ውሃው ቀጠነና ሁለታችንም ጋ ሳይደርስ ቀረ።»

«ሳይከፈል በአንዱ መንደር በኩል አልፎ ወደ ሌላው ቢሄድ ኖሮስ?» አልኳቸው።

«ማን ማንን አምኖ?»

ሽቦውን ፈትቼ፣ ያው ከረንት ሳይከፈል በሁለቱም እንዲያልፍ፣ በፓምፕ ቤቱ ማሳያ አሳልፌ ወደ ቢሮው ቀጠልኩት። ሁለቱም ማሳያዎች «ሙሉ» አሉ።

ጋሽ ይመር ማሳያውን ቆመው ሲያዩ ቆዩ። «ትንሿን ልጄን የቀበርኳት ያን በጋ ነው፤ የወንዝ ውሃ ጠጥታ» አሉኝና ወደ በሩ ተመለሱ።

በዚያ ዘመን ውሃውን ለጎረቤቱ ያሳለፈ መንደር የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ለጋሽ ይመር ግን አልነግራቸውም።