የበረታችን ጭስ

ባለቤቴ አውሮፕላን ላይ ሲወጣ ማንም አላማከረኝም። ገና ሙሽራ ነበርኩ፤ ሙሽራን ደግሞ ማን ይጠይቃል! በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ አንበጣ ፎገራን በወረረበት በጋ ነው። መድኃኒት የምትረጭ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ከወረታ በታች ካለው የግጦሽ ሜዳ ትነሳ ነበር። ፈረንጁ አብራሪ አንበጣው የሚያድርበትን ረግረግ የሚያሳየው ሰው ፈለገ። የኔው ጉድ፣ ከበቅሎ ሌላ ምንም ላይ ተቀምጦ የማያውቀው ሰው፣ "እኔ አለሁ" ብሎ ገባላት።

ስምምነቱ ቀላል ነበር። የአውሮፕላኗ ድምፅ ሲሰማ የሜዳው ጠባቂዎች ሜዳው ራስ ላይ ኩበት ያጨሳሉ፤ አብራሪው ጭሱን አይቶ ወደዚያ ይወርዳል። ቀን ቀን ደህና ሠራ። ምሽቱን ግን ማንም አላሰበውም። በኛ አገር ከብት ሲገባ ዝንብና ትንኝ እንዳይበላው በየበረቱ ኩበት ይጨሳል። የሌሎቹ በረት ሩቅ ነው። አማቴ ግን ሣር ፍለጋ ባለቤቴ በበረረበት በዚያው ዕለት የኛን በረት ወደ ሜዳው አስጠግተውት ነበር። ከፊቱ ጎርፍ የቦረቦረው ጥልቅ ቦይ አለ።

አውሮፕላኗ አመሸች፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ድምፁ መጣ። አውሮፕላኗ ዝቅ ብላ በላያችን ስታልፍ ከብቱ ደነበረ። እንደገና ከፍ አለችና ልትዞር ራቀች። ያን ጊዜ ሁለቱን ጭስ አየሁ፤ የሜዳውንና የኛን።

"እመይቴ፣ የኛን ጭስ ነው የሚከተል" አልኩ። አማት ፊት ድምፄን ከፍ ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነበር።

እሳቱን በእግሬ ረገጥኩት፤ ኩበት እንዲህ በቀላሉ አይጠፋም። አፈር ላለብሰው መሬቱን ቧጠጥኩ። ዋልካው በበጋው ፀሐይ ደርቆ ጥፍሬን ነቀለው እንጂ አንድ እፍኝ አፈር አልሰጠኝም። እንስራው ግርጌ የቀረችው ውሃ ጉንጭ አትሞላም፤ ሌላው ወንዝ ወርዶ ነው። አውሮፕላኗ ዞራ ቀጥ ብላ ወደኛ መጣች። ባሌ እዚያ ውስጥ ነው፤ ፈራሁ።

አማቴ የማታውን ወተት በሁለት ጮጮ ሙሉ ይዘው ቆመዋል። እኒህ ሴት ወተት እሳት ላይ ጠብ ካለ የላሚቱ ጡት ይቆስላል ብለው የሚያምኑ ናቸው። በመጣሁ ሰሞን ገንፍሎብኝ ስንት ቀን አኩርፈውኛል። አሁን ግን አንዱን ጮጮ እሳቱ ላይ ዘቀዘቁት። የቀረውን ጮጮ እኔ አንስቼ ደፋሁት። ነጭ እንፋሎት ቡልቅ አለና ጭሱ ጠፋ።

አውሮፕላኗ ቦዩ አጠገብ ስትደርስ ቀና አለች። ጥቂት ዋለለችና ወደ ቀረው ጭስ ዞረች። ተመስገን ልል አፌን ስከፍት ሜዳውን ነካች። ጨለማው የደረቀውን ዋልካ ስንጥቅ ሸፍኖት ኖሮ ጎማዋ ገባበት፤ በአፍንጫዋ ተተክላ ክንፏ ተሰበረ። ያ ድምፅ ዛሬም ይነዝረኛል።

ሮጠን ስንደርስ አብራሪው ክንዱን ታቅፎ ሣሩ ላይ ተቀምጧል። ባለቤቴ ግንባሩ ተፈንክቶ፣ ደሙ እየወረደ፣ በሁለት እግሩ ቆሟል። አይቶኝ ያለው ነገር ቢኖር "ከብቶቹ ገቡ?" ነው። ልመታው ነበር። አቅፌው አለቀስኩ።

በረት ስንመለስ ቁስሉን አሰርኩለትና አጎዛ ላይ አስተኛሁት። አማቴ ልጃቸው በሕይወት መኖሩን ካዩ በኋላ ወደሱ አልቀረቡም። ለጋ ቅቤ በእጃቸው ይዘው ላሚቱ ሥር ተቀመጡና ጡቷን አንድ በአንድ እያሹ ይቅርታ ይለምኗት ጀመር።

"እማ፣ ጉሮሮዬ ደርቋል፤ እስቲ ወተት ስጭኝ" አለ ባለቤቴ።

"የዛሬውን ጠጥተኸዋል" አሉት፣ ቀና ሳይሉ።

ነገሩ አልገባውም፤ ወደኔ ዞሮ አየኝ። እንስራው ግርጌ የቀረችውን ውሃ ቀድቼ ሰጠሁት።