በቤንዚን የታጠበው ፊልትሮ

ስፖንጁ እጁ ላይ ፍርፍር ሲል ሳንባ የሚሉት መካኒክ መጀመሪያ አልገባውም። ልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ ሁለት ቀን የዋለውን የአየር ፊልትሮ፣ ደረቀ አልደረቀ ብሎ ጨበጥ ነው ያደረገው። ሙጫው ለቀቀ። ስፖንጁም እንደ ደረቀ ዳቦ ጣቶቹ መሀል ተበተነ። ከዚያ ገባው። የዚህ መንታ፣ ከአንድ ካርቶን የወጣው፣ በአንድ ሳፋ የታጠበው፣ ዛሬ ጠዋት በገዛ እጁ የሴት ልጁ ሞተር ሳይክል ላይ ያሰረው ነው። ልጁ ደግሞ ይሄኔ መድኃኒቷን ጭና ወደ ዘንዶው ቁልቁለት እየሄደች ነው።

ፍርፋሪውን እንደጨበጠ ሮጠ። የጋራዡን በር አልዘጋም። አንዱ ነጠላ ጫማው መንገድ ላይ ቀረ፣ አልተመለሰለትም።

ሳንባ ያሉት ስለሚያስለው አይደለም። «ሞተር ማለት ሰው ነው፤ ፊልትሮው ሳንባው ነው» ማለት ስለሚያበዛ ነው። ከአራተኛ ክፍል አቋርጦ ጋራዥ ገባና ሠላሳ አንድ ዓመት ከዚያች ቆርቆሮ ቤት አልወጣም። ዓይኑን ጨፍኖ የሞተር ድምፅ ይሰማና «ይቺ አቧራ ውጣለች፣ ክፈቷት» ይላል። ይከፍቷታል፣ አቧራ ነው። ጌታው የነበረው ሽማግሌ መካኒክ ያስተማረው አንድ ነገር ቢኖር «ቤንዚን የማያነጻው እድፍ የለም» የሚለውን ነው። ሰንሰለቱን በቤንዚን፣ ካንዴላውን በቤንዚን፣ እጁንም በቤንዚን ነው የሚያጥበው። ሚስቱ «አንተን ክብሪት አጠገብ ማስተኛት ያስፈራል» ትለዋለች።

ልጁ ሥራዋ ለገጠር ጤና ጣቢያዎች መድኃኒት ማድረስ ነው። መንገዱ አቧራ ነው፤ መጨረሻው ላይ ዘንዶው የሚሉት ቁልቁለት አለ። ሲጠመዘዝ ይውላል፣ በአንድ በኩል ድንጋይ፣ በአንድ በኩል ገደል። የፋብሪካው ፊልትሮ ቶሎ ቶሎ እየታፈነ ሲያስቸግራት ከሱቅ ሁለት የስፖንጅ ፊልትሮ ገዝታ መጣች። አንዱ ሲታጠብ አንዱ እንዲሠራ ብላ ነው።

«ቤት የሌለው ሳንባ!» አለ አባቷ አገላብጦ እያየው። ግን ገጠመው። የድሮውን የፊልትሮ ሣጥን ፈታ፣ የካርቡራቶሩን አፍ ጠረገ፣ አቧራ እንዳይገባበት ንጹሕ ጨርቅ ወተፈበት። ካርቡራቶር አፉን ከፍቶ አያድርም፣ እሱ ቤት ሕግ ነው። ከዚያ ፊልትሮውን አስገብቶ በብረት ቀለበቱ አሰረው። ላስቲኩን እንዳይቆርጠው አንድ ዙር ሲቀረው ቆመ። ሲያስነሳት ሞተሩ ረጅም ትንፋሽ ሳበ። ደስ አለው።

ሁለቱም ፊልትሮዎች አቧራ ጠግበው የመጡት ያለፈው እሑድ ነው። ሳፋው ላይ ቤንዚን ሲያፈስ ልጅቷ ከፊልትሮው ካርቶን የወጣውን ወረቀት ይዛ መጣች።

«አባዬ፣ እዚህ ላይ በሳሙና ውሃ ይላል። ቤንዚን እንዳይነካው ይላል።»

«ወረቀቱ ስንት ሞተር ፈቷል?»

«ወረቀት ሞተር አይፈታም እኮ።»

«እንግዲያው ዝም ይበላ!»

ጎረቤቱ ጎሚስታው ጎማ እየለጠፈ ነበር። ከዚያው ሆኖ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ...» ብሎ ጀመረ።

«አንተ ጎማህን ንፋ!»

ሦስቱም ሳቁ።

ዛሬ ጠዋት ልጅቷ ረፍዶባት ነበር። ሳንባ አንደኛውን ፊልትሮ ዘይት ቀብቶ ሲጨምቀው ሰሊጥ የምታክል ፍርፋሪ አውራ ጣቱ ላይ ተጣበቀች። አያት። ሱሪው ላይ ጠረጋትና ማሰሩን ቀጠለ።

አሁን ጎሚስታው ጋ ሲደርስ እጁን ብቻ ነው የዘረጋው። ጎሚስታውም አየው።

«ይሄ የማን ነው?»

«የሷ መንታ ነው። አስነሳ።»

«ደውልላታ!»

«ደውያለሁ። ያቺ የስልክ ሴትዮ ማግኘት አይችሉም ትለኛለች። አስነሳ ነው የምልህ!»

ጎሚስታው አሮጌ ሞተር ሳይክሉን ሦስቴ ረግጦ አስነሳት። ሳንባ ከኋላው ተቀመጠ። መንገድ ላይ ጎሚስታው እየጮኸ ይጠይቃል፣ ሳንባ ጆሮው ሥር ይመልስለታል።

«ቢፈርስ ምን ይሆናል? መንገድ ላይ ትቆማለች፣ አይደል?»

«ብትቆምማ ምን ጠላሁ! ፍርፋሪው ተስቦ ካርቡራቶሩ ውስጥ የጋዙን መዝጊያ ክፍቱን ከያዘው፣ ጋዙን ብትለቀውም ሞተሩ አይለቅም። ይሄዳል።»

«ቁልቁለት ላይ?»

«ንዳ!» አለ ሳንባ። ፍርፋሪውን አሁንም አልጣለውም፣ ላብ አርሶት መዳፉ ላይ ጭቃ ሆኗል።

ገና በአሥራ ሁለት ዓመቷ ግቢ ውስጥ መንዳት ሲያስተምራት «ጋዙ እምቢ ካለሽ አትታገይው፣ ቁልፉን አጥፊ» ይላት ነበር። «መቶ ጊዜ ሰማሁ አባዬ» ትለዋለች። መስማቷን ያውቃል። ፍሬኑ እየጋለ፣ ገደሉ እየመጣ፣ እጇ ቁልፉን ያስታውሰው እንደሆነ ነው የማያውቀው።

ዘንዶው አናት ላይ ሲደርሱ አንድ ጭነት መኪና እያቃሰተ ወጣ። ሳንባ መሀል መንገድ ላይ ቆመበት።

«አንተ፣ ነፍስህን ጠልተሃታል?» አለ ሹፌሩ።

«ቀይ ሞተር ሳይክል፣ ሴት ልጅ፣ ከኋላዋ ሣጥን የጫነች። አይተሃታል?»

ሹፌሩ ፊቱ ተለወጠ። «ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ አለፈችኝ። ምነው እንዲህ ትበራለች ብዬ ተቆጥቼ ነበር።»

«ትበራለች? እሷ አትበርም። ቁልቁለት ላይ እንደ አሮጊት ነው የምትነዳው።»

ሹፌሩም ጎሚስታውም ሞተራቸውን አጠፉ። ሳንባ ገደሉ ጫፍ ላይ ሄዶ ዓይኑን ጨፈነ። ነፋስ ነበረ። ከነፋሱ ሥር፣ ከታች፣ ቀጭን የሞተር ድምፅ ይሰማል። የሷ ናት። ሰው የልጁን ሳል እንደሚለየው ለያት። ድምፁ መታጠፊያው ላይ ዝቅ ማለት ነበረበት፣ አላለም። ወጣ፣ ወጣ፣ ጮኸ።

ከዚያ ድምፁ ቀጥ አለ።

ሳንባ ዓይኑን አልገለጠም። ሌላ ድምፅ ይመጣ እንደሆነ፣ ድንጋይ፣ ብረት፣ ጠበቀ። ነፋሱ ብቻ ነው።

ጎሚስታው መጥቶ ትከሻውን ያዘው። «ቁልፉን ነው ያጠፋችው፣ አይደል? አንተ ጆሮህ አይስትም፣ ንገረኝ እንጂ። አጥፍታው ነው አይደል?»

«አላውቅም» አለ ሳንባ።